ዛፍ ዕድሜውን የት ይጽፋል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሆሳዕና ካለፈ በኋላ ስለ ዘንባባ ጥያቄ መምጣቱ የተለመደ ነው። ዘንድሮ ግን በዛ። ደግሞ አብዛኛው ከጎጃም ነው። አንዱ ስለ ጥድ ይጠይቃል፣ አንዷ ስለ ዘንባባ፣ ሌላው ስለ ቀርቀሃ፤ ዞሮ ዞሮ ግን ሁሉም የሚፈልገው የዛፍን ዕድሜ ማወቅ ነው። እኔም እዚያው ተወልጄ ያደግሁ ስለሆንኩ የዚህን ወር ዓምድ በሙሉ ለእነሱ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በደብራችን ግቢ የነበረን ትልቅ የሐበሻ ጥድ ባለፈው ክረምት ነፋስ ጣለው። ግንዱ በመጋዝ ሲቆረጥ ቀለበቶቹን ቆጠርኩ። በአንድ ጎን 71 ሆነ። ዞሬ በሌላው ጎን ብቆጥር 64 መጣ። ሽማግሌዎቻችን ደግሞ ጣሊያን በወጣ ማግሥት የተተከለ ነው ይላሉ፤ እንዲያ ከሆነ ከ80 ዓመት በላይ ነው። ማንን ልመን? (ከሞጣ)

መልስ፦ ጋሼ፣ የሽማግሌዎቹን ቃል ቶሎ አይጣሉት። የእርስዎም ቆጠራ ስህተት ላይሆን ይችላል። ሁለቱ አብረው የሚሄዱበት መንገድ አለ።

እርጥብ ዛፍ ሲላጥ ከቅርፊቱ ሥር እጅ የሚያሟልጭ ነገር አለ አይደል? እዚያ ቦታ ላይ ከወረቀት የሳሳ፣ ሕይወት ያለው ሽፋን አለ። ዛፍ የሚወፍረው በእሱ ነው። ወደ ውስጥ እንጨት ይሠራል፣ ወደ ውጭ ልጥ ይሠራል። ጥድ ዝናብ ሲጠግብ ሰፋ ያሉና ግድግዳቸው የሳሳ ህዋሳት ይሠራል፤ እንጨቱ ፈካ ይላል። ውሃው እያጠረ ሲመጣ ህዋሳቱ ይጠባሉ፣ ግድግዳቸው ይወፍራል፣ እንጨቱ ይጠቁራል። ከዚያ ሥራው ይቆማል። በሚቀጥለው ዝናብ እንደገና ሲጀምር አዲሱ ፈካ ያለ እንጨት ከአምናው ጥቁር ጋር ይዋሰናል። እርስዎ የቆጠሩት ያንን ወሰን ነው።

በአውሮፓ ዛፉን ሥራ የሚያስፈታው ብርዱና በረዶው ነው። እኛ ዘንድ የሚያስፈታው በጋው ነው። ጎጃም ደግሞ ለዚህ የተመቸ አገር ነው፤ ዝናቡ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርድና ከዚያ በኋላ ረጅም ደረቅ ጊዜ ይመጣል፣ ስለዚህ ነገሩ በደንብ ከሄደ በአንድ ክረምት አንድ ቀለበት ይወጣል ማለት ነው። በልግና ክረምት እኩል በሚዘንብበት የአገራችን ክፍል ግን አንድ ዛፍ በአንድ ዓመት ሁለት ቀለበት ሊያወጣ ይችላል።

ለብዙ ጊዜ በሞቃት አገር ያለ ዛፍ ቀለበት የለውም ይባል ነበር። ልክ አይደለም። በኢንዶኔዥያ ጃቫ ደሴት ላይ የቲክ ዛፍ ቀለበት ተቆጥሮ ከ400 ዓመት በላይ ወደ ኋላ የሚሄድ መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1931 ታትሟል። ጃቫ በረዶ የለም፤ ደረቅ ወቅት ግን አለ፣ ቲክም በዚያ ጊዜ ቅጠሉን ያራግፋል። አማዞን ላይ ደግሞ የሚገርም ነገር አለ። ወንዙ በየዓመቱ ሞልቶ ጫካውን ለወራት ያጥለቀልቀዋል፣ ሥሩ አየር ያጣል፣ ዛፉም በውሃ መሃል ቆሞ ማደጉን ያቆማል። እዚያ ቀለበት የሚያወጣው ጎርፉ ነው። ስለዚህ ቀለበት እንዲወጣ ብርድ የግድ አይደለም፤ ዛፉን በየዓመቱ የሚያሳርፍ አንድ ነገር ይበቃል።

አሁን ወደ እርስዎ ጥድ። የሐበሻ ጥድ ለቆጠራ አስቸጋሪ ነው። በክፉ ዓመት፣ ውሃ ሲያጥረው፣ ዙሪያውን ሙሉ አያድግም። በአንድ ጎን እንጨት ይሠራል፣ በሌላው ጎን ምንም አይሠራም። ቀለበቱ እየሳሳ እየሳሳ ሄዶ ከጎረቤቱ ጋር ይጣበቃል። የ71 እና የ64 ልዩነት የመጣው ከዚህ ይመስለኛል፤ በአንደኛው ጎን ያሉት ሰባቱ ቀለበቶች በሌላው ጎን የሉም። ከሁለቱም ጎን የጠፉም ሊኖሩ ይችላሉ። ሌላም አለ። ግንዱ የተቆረጠው ከመሬት ከፍ ብሎ ከሆነ፣ ችግኙ እዚያ ከፍታ እስኪደርስ የፈጀባቸው ዓመታት በቆጠራው አይገቡም። ከ71 ተነሥቶ 80 ለመድረስ ይህ ሁሉ ሲደመር ሩቅ አይደለም።

ተቃራኒውም ያጋጥማል፣ እሱንም ልንገርዎት። ክረምቱ መሃል ላይ ዝናቡ ለሳምንታት ቢቋረጥ ወይም በጥር ያልታሰበ ዝናብ ቢጥል ዛፉ ይሳሳታል። ቆም ብሎ እንደገና ይጀምራል። ያኔ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ቀለበት የሚመስል ነገር ይወጣል። የሐሰት ቀለበት ይሉታል። እውነተኛው ወሰኑ ቁርጥ ያለ ነው፤ የሐሰተኛው ግን ወሰን በሁለቱም በኩል ቀስ እያለ ይደበዝዛል።

ቁራጩ ካለ እባክዎ ለማገዶ አይስጡት። ከጉቶው አንድ ክብ ቁራጭ ያስቆርጡ፣ በጥላ ያድርቁት፣ በብርጭቆ ወረቀት መጀመሪያ በሻካራው ቀጥሎ በለስላሳው እስኪያብረቀርቅ ይፈትጉት። ከዚያ በማጉያ መነጽር አንዷን ቀለበት ይዘው ዙሪያውን ይከተሏት። ዞራ ራሷ ላይ ከገጠመች ሙሉ ናት። የት ላይ እንደምትጠፋም ያያሉ። ተመራማሪዎች ደግሞ ሌላ ማረጋገጫ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኃያላኑ አገሮች የኑክሌር ቦምብ በአየር ላይ ሲሞክሩ በአየሩ ውስጥ ያለው ካርቦን 14 የሚባል የካርቦን ዓይነት ወደ እጥፍ ተጠጋ። ዛፍ እንጨቱን የሚሠራው ከአየር በወሰደው ካርቦን ስለሆነ ያ ዘመን በእያንዳንዱ ዛፍ ውስጥ ምልክት ጥሏል። የሞጣው ጥድም ያንን ጊዜ ቆሞ አሳልፎታል፣ ስለዚህ ምልክቱ በዚያ ቁራጭ ውስጥ አለ። ቁራጩን አስቀምጡት የምለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የዛሬ 30 ዓመት፣ 20 ዓመት ሲሆነኝ፣ ደጃችን ያለው ዋንዛ ላይ ስሜን በቢላ ጻፍኩ። ደረቴ ትክክል ነበር። ዘንድሮ ለፋሲካ አገር ቤት ገብቼ ሳየው ያው ደረቴ ላይ ነው። ዛፉ ግን በጣም ረዝሟል። ስሜ ለምን አብሮት ወደ ላይ አልወጣም? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዛፍ ወደ ላይ የሚያድገው በጫፉ ብቻ ነው። የቅርንጫፎቹ ጫፍ ላይ ያለችው ለጋ ነጥብ ናት የምትረዝመው። አንዴ እንጨት የሆነው አካል ወደ ላይ አይሳብም። ወደ ጎን ብቻ ይወፍራል። ስለዚህ ስምህ ከፍታው ሳይለወጥ ፊደሉ እየሰፋ፣ እየተለጠጠ ይሄዳል። ምስማርም ቢሆን፣ የታሰረ ሽቦም ቢሆን እንዲሁ ነው።

ሽቦን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልለምናችሁ። በየሄድኩበት የማየው ነገር ነው። የከብት ገመድ ወይም የአጥር ሽቦ ዛፍ ላይ ይታሰርና ይረሳል። ዛፉ ሲወፍር ገመዱ ልጡን ያንቀዋል። ቅጠል የሠራው ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው በልጡ በኩል ስለሆነ ሥሩ ይራባል፣ ከጊዜ በኋላም ዛፉ ከላይ መድረቅ ይጀምራል፣ ሰዉም ምስጥ በላው ይላል። በየዓመቱ አንዴ ፈታ አድርጉለት።

ጥያቄ፦ ባህር ዳር ነው የምኖረው። በየመንገዱ ያሉት ረጃጅም ዘንባባዎች ግንዳቸው ላይ ዙሪያውን ክብ ክብ መስመር አለ። ጓደኛዬ እያንዳንዱ መስመር አንድ ዓመት ነው አለችኝ። አንዱን ቆጥሬው ከመቶ አለፈ፤ ከተማዋ ራሷ ይህን ያህል አርጅታለች እንዴ ብዬ ግራ ገባኝ። (ከባህር ዳር)

መልስ፦ እህቴ፣ ግራ መጋባትሽ ልክ ነው። መስመሮቹ ዓመት አይደሉም። ቅጠል የነበረበት ቦታ ናቸው። አንድ የዘንባባ ቅጠል ሲበቅል እግሩ ግንዱን ዙሪያውን አቅፎ ይይዛል። አርጅቶ ሲወድቅ ያቀፈበት ቦታ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። አንድ መስመር አንድ ቅጠል ማለት ነው። ዘንባባ ደግሞ በዓመት ብዙ ቅጠል ያወጣል። ለምሳሌ ኮኮነት ከተመቸው በዓመት ከ12 እስከ 16 ያወጣል። እንግዲህ መቶ ጠባሳ ያለው ኮኮነት ገና የጥቂት ዓመት ልጅ ነው። የእናንተ መንገድ ዘንባባ ፍጥነቱ የተለየ ሊሆን ይችላል፤ ማወቅ ከፈለግሽ አንዱን መርጠሽ የመጨረሻው ጠባሳ ላይ በቀለም ምልክት አድርጊ፣ በዓመቱ ተመልሰሽ ከምልክቱ በላይ ስንት እንደተጨመረ ቁጠሪ። ጠቅላላውን ለዚያ ስታካፍይ ግምት ታገኛለሽ። ግምት ነው እንጂ ልኩ አይደለም። ዘንባባ ልጅ ሳለ የጣላቸው ቅጠሎች ጠባሳ ከመሬት ሥር ወይም እግሩ ላይ ተቀብሮ ይቀራልና።

ውስጡስ ቀለበት አለው ወይ ካልሽ፣ የለውም። ለሞጣው ጋሼ የነገርኩት ከወረቀት የሳሳ ሽፋን ዘንባባ ላይ የለም። ዘንባባን ዛፍ እንለዋለን እንጂ በዘር ከዋንዛና ከጥድ ይልቅ ለበቆሎና ለጤፍ ይቀርባል። የበቆሎ አገዳ አንዴ ከተሠራ በኋላ እየወፈረ እንደማይሄድ ሁሉ የዘንባባም ግንድ አይወፍርም። አግድም ስትቆርጪው ቀለበት ሳይሆን ነጠብጣብ ነው የምታይው፣ ልክ እንደ እንጀራ ዓይን። እያንዳንዷ ነጠብጣብ ውሃ የሚያወጣ ቧንቧና ምግብ የሚያወርድ ቧንቧ አንድ ላይ የታሰሩባት ክር ናት። ዳር ዳሩ ላይ ክሮቹ ተጠጋግተው እንጨቱ እንደ ብረት ይጠነክራል፤ መሃሉ ላይ ግን ተራርቀው ለስላሳ ነው። አናጢ ከዘንባባ ግንድ ሰፊ ጣውላ የማያወጣው ለዚህ ነው።

እኔን ግን ከሁሉ የሚገርመኝ ይህ ነው። ጥድ ውስጥ መሃል ያለው እንጨት ከሞተ ቆይቷል። ዛፉን ደግፎ ይይዘዋል እንጂ ሕይወት የለውም። ዘንባባ ግን አዲስ እንጨት እየደረበ ስለማይሄድ የልጅነት ህዋሳቱን ይዞ ነው የሚኖረው። መቶ ዓመት የቆመ ዘንባባ እግሩ ላይ ያሉት ብዙዎቹ ህዋሳት መቶ ዓመት የኖሩና አሁንም ያልሞቱ ናቸው። በዚያ በኩል ስታልፊ ግንዱን በእጅሽ ንኪው።

ዕድሜውን ባይጽፍም ችግሩን ይጽፋል። ጫፉ በውሃ ጥም ወይም በተባይ ሲጎዳ በዚያ ጊዜ የሚሠራው ግንድ ቀጭን ይሆናል። ሲያገግም እንደገና ወፈር ብሎ ይቀጥላል። ያች የቀጠነች ወገብ ግን ኋላ ስለማትወፍር እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ትታያለች። ጠባሳዎቹም በደግ ዓመት ይራራቃሉ፣ በክፉ ጊዜ ይጠጋጋሉ። ቀና ብለሽ ስታይው መሃል ላይ ቀጠን ያለ ካገኘሽ፣ ሰፈሩን ያኔ ምን ገጥሞት ነበር ብለሽ ትልልቅ ሰዎችን ጠይቂ።

ጥያቄ፦ በግቢያችን ሁለት ዘንባባ አለ። አንዱን ለሆሳዕና ልጆች ቀለበትና መስቀል ሊሠሩበት ብለው መሃል ጫፉን ቆረጡት። ከዚያ ወዲህ እየደረቀ ነው። ይድን ይሆን? ሁለተኛውን ከተከልኩት አራት ዓመቱ ነው፣ ቅጠል ያወጣል እንጂ ግንድ የለውም። ዘሩ መጥፎ ነው? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ እትዬ፣ ከሁለተኛው ልጀምር፣ እሱ ደህና ነው። ዘንባባ መጀመሪያ የሚሠራው ውፍረቱን ነው። ኋላ መወፈር ስለማይችል ረጅሙን ግንድ የሚሸከም እግር አስቀድሞ መሬት ውስጥ ያዘጋጃል። ይህ ዓመታት ይወስዳል። በዚያ ጊዜ ቅጠሉ እየተለቀ ሲሄድ ታያለሽ፣ ግንድ ግን የለም። ውፍረቱ ሲሞላ ያኔ ሽቅብ ይነሳል። ውሃና ፍግ ስጪው፣ ታገሺው።

የመጀመሪያው ያሳዝናል። ዋንዛ ጫፉ ቢቆረጥ ከጎን ያቆጠቁጣል። ባለ አንድ ግንድ ዘንባባ ግን የሚያድግበት ነጥብ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ቅጠሎቹ መሃል ውስጥ የተደበቀው ለስላሳ እምብርት ነው። እሱ ከተቆረጠ ያ ግንድ አይድንም። ተስፋ ያለው ዘንባባሽ ከአንድ ሥር ብዙ ግንድ የሚያወጣው የአገራችን ዓይነት ከሆነ ነው። እሱ የተቆረጠው ግንድ ቢሞትም ሌሎቹ ይቀጥላሉ፣ ከሥሩም አዳዲስ ይወጣል። ሥሩን አትንቀዪው፣ ክረምቱ ይለፍና እይው።

ለከርሞ ለልጆቹ እንዲህ በያቸው፦ የተከፈተውን የጎን ቅጠል ውሰዱ። ያልተከፈተውን ነጩን የግድ ከፈለጉም ከአንድ ግንድ አንዱን ብቻ፣ ከላይ፣ እምብርቱን ሳይነኩ። ለአንድ ቀን በዓል ብለን የብዙ ዓመት ዘንባባ ባንገድል ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ የቀርቀሃ አንጓ ስንት ዓመት እንደቆየ ይናገራል የሚባለው እውነት ነው? (ከእንጅባራ)

መልስ፦ አይደለም። ቀርቀሃ ከመሬት ሲወጣ የመጨረሻ ውፍረቱን ይዞ ነው የሚወጣው፤ ሙሉ ቁመቱንም በጥቂት ወራት ውስጥ ይጨርሳል። አንጓዎቹ በሙሉ ገና ቡቃያው ውስጥ ተጠጋግተው ነበሩ፣ ዝም ብለው ተራራቁ እንጂ በየዓመቱ አልተጨመሩም። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የሚጨምረው ጥንካሬው ነው። ስለዚህ ለቤትና ለዕቃ ሥራ የሚሆነውን የሚለየው አንጓው ሳይሆን የቆዳው ቀለም፣ በላዩ ላይ የያዘው ሽበትና ሲመታ የሚሰጠው ድምፅ ነው። ይህን ደግሞ የአዊ ቀርቀሃ ሠሪዎች ከማንም በላይ ያውቁታል፣ አጠገብሽ ያሉትን ጠይቂ።

ጥያቄ፦ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በሠፈራችን ትልቅ ዋርካ አለ፣ ሰው ስብሰባ የሚቀመጠው ከሥሩ ነው። ሳይቆረጥ ዕድሜውን ማወቅ እፈልጋለሁ። ይቻላል? (ከቢቸና)

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስላመጣህልኝ ደስ ብሎኛል፣ በተለይ ሳይቆረጥ ስላልክ።

መጀመሪያ አንድ ማስጠንቀቂያ። ዋርካና ሾላ ቢቆረጡም ቆጠራ አያዋጣም። እንጨታቸው ውስጥ ፈዛዛና ጠቆር ያለ ጭረት እየተፈራረቀ ይሄዳል፣ ቀለበት ይመስላል፣ ግን የዓመት አይደለም። በአንድ ዓመት ውስጥ ብዙ ጭረት ሊሠራ ይችላል። ያንን ቆጥሮ ይህ ዋርካ ሺህ ዓመቱ ነው የሚል ሰው ቢመጣ አትመነው። ለጥድ የሚሆን ሌላ መሣሪያ አለ፤ ውስጡ ክፍት የሆነ መሰርሰሪያ ነው፣ ዛፉን ሳይጥል እንደ እርሳስ የቀጠነ እንጨት ከውስጡ ያወጣል፣ ቀለበቱ በዚያ ላይ ይቆጠራል። ለዋርካ ግን አይረዳም። የብዙ አሮጌ ዋርካ መሃሉም ባዶ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ለካው። የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃሃል። ከመሬት 1.30 ሜትር ከፍታ ላይ በቀለም ትንሽ ምልክት አድርግ፣ ዙሪያውን ለካ፣ ቀኑን ጻፍ። የዋርካ ግንድ ሸንተረር ስላለው ሜትሩ በየዓመቱ በዚያው ምልክት ላይ ማለፍ አለበት። ዙሪያውን ለ3.14 ስታካፍል ውፍረቱን ታገኛለህ። ሁልጊዜ በአንድ ወር ለካ፣ መስከረም መጨረሻ ጥሩ ነው። ግንድ በዝናብ ጊዜ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ትንሽ ይሟሽሻል፤ አንዱን ዓመት በመስከረም ሌላውን በሚያዝያ ከለካህ ያላደገውን አደገ፣ ያደገውን ከሳ ትላለህ።

ሦስት አራት ዓመት ከለካህ ውፍረቱ በዓመት ስንት እንደሚጨምር ታውቃለህ፤ ጠቅላላ ውፍረቱን ለዚያ ስታካፍል የዕድሜውን ግምት ታገኛለህ። ወጣት ዛፍ ከአሮጌ ስለሚፈጥን፣ በሠፈሩ የተተከለበት ዓመት በትክክል የሚታወቅ አንድ ወጣት ዋርካም አብረህ ለካ። መስኖ አጠገብ ያለ እንዳይሆን ግን ተጠንቀቅ፣ እንደ ቆጋ ባለ ቦታ ቦይ ዳር የቆመ ዛፍ በጋውን ሙሉ ይጠጣል፣ ከእናንተው ጋር አይወዳደርም።

ከሜትሩ ጎን ደግሞ ደብተር ያዝ። አያቶችህን ስትጠይቅ ስንት ዓመቱ ነው አትበል፣ ማንም አያውቀውም። በጣሊያን ጊዜ ጥላው እስከየት ነበር? በ1960 ዓ.ም. ገበሬው በግብር ምክንያት ሲያምፅ ሰው ከሥሩ ይሰበሰብ ነበር? በ77ቱ ድርቅ ቅጠሉ ረገፈ ወይስ ቆየ? እንዲህ ስትጠይቅ መልስ ይመጣል። የመጀመሪያውን ልኬት በመጪው መስከረም ላክልኝ፣ ከዓመት ዓመት እዚሁ ዓምድ ላይ እናወጣዋለን።